የቍጣ ፈሊጦች በእንግሊዝኛ ቋንቋ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቍጣቸውን በምሳሌ የሚገልጹባቸው ፈሊጦች ብዙዎች ቢሆኑም፣ አብዛኞቹ የሚቆሙት የሰው ሥጋ ዝግ ዕቃ፣ መዓትም በውስጡ የሚፈላ ፈሳሽ ነው በሚል አንድ አሳብ ላይ ነው። ይህንንም አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ጆርጅ ሌኮፍ ከሀንጋሪያዊው ከዞልታን ኮቨቼሽ ጋር መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመው መጽሐፉ በሰፊው አብራርቶታል። በጥቂቱ የተናደደ ሰው «ከአንገትጌው ሥር ጋለ» ሲባል፣ ቍጣው የጸናበት «ደሙ ፈላ»፣ ትዕግሥቱ ያለቀበት ደግሞ «ክዳኑ ተፈናጠረ» ወይም «ጣራውን መታ» ይባላል።

የአነጋገሩ ጥንተ ነገር ወደ ቀደመው ሕክምና ይመራል። በ2ኛው ምእተ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ጋሌኖስ፣ ከሂፖክራጥስ ወገን የወረሰውን ትምህርት አስፍቶ፣ ጤና የደም፣ የአክታ፣ የቢጫ ሐሞትና የጥቁር ሐሞት መመጣጠን ነው ብሎ አስተማረ፤ ቢጫው ሐሞትም እንደ እሳት ባሕርይ ውዑይና ይቡስ ስለሆነ፣ የበዛበት ሰው ቍጡ ይሆናል ተባለ። ትምህርቱ ከሕክምና ከተሻረ በኋላም በፈሊጥ ውስጥ ጸንቶ ቀርቷል፤ ቍጣ ያሸነፈው ሰው «ቴምፐሩን አጣ» ሲባል ቃሉ ቀድሞ የአራቱን ፈሳሾች ሚዛን ያመለክት ነበር፤ ንዴቱን በሌላው ላይ የተወጣውም «ጣፊያውን አስተነፈሰ» ይባላል።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ዘመን ከመሣሪያው አንዳንድ ምሳሌ ጨመረ። ዛቢያው የላላ መጥረቢያ ሲወረወር ያየው የሰሜን አሜሪካ ሕዝብ በ19ኛው ምእተ ዓመት «ከዛቢያው ወልቆ በረረ» የሚለውን አስለመደ፤ የባቡር ሞተር እንዳይፈነዳ ትርፉን እንፋሎት ከሚለቅበት ልማድ «እንፋሎቱን አወጣ»፣ ከመብራት ኃይል «ፊውዙ ተቃጠለ»፣ ከጦር መሣሪያም በ20ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ ቍጡውን በባሊስቲክ ሚሳይል የሚመስለው አነጋገር ተወለደ።

ከፈላ ፈሳሽ ውጭ ከሚቆሙት አንዱ «ቀይ ታየው» የሚለው ሲሆን፣ ብዙዎች ከእስፓኝ የኮርማ ፍልሚያ ጋር ያያይዙታል፤ ይሁን እንጂ የከብት ዓይን ቀይን ቀለም አጥርቶ ስለማይለይ፣ ኮርማውን የሚያስቈጣው የጨርቁ መወዛወዝ ነው።

ስለ ፈሊጦቹ ምክንያት ሊቃውንት አይስማሙም። ሌኮፍና ኮቨቼሽ ምሳሌው ከራሱ ከሥጋ የመነጨ ነው ይላሉ፤ ፖል ኤክማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ጥናት በቍጣ ጊዜ የልብ ምት እንደሚፈጥንና የጣት ሙቀት ከፍ እንደሚል ማሳየታቸው፣ አማርኛም «ደሙ ፈላ»፣ «ቆሽቱ አረረ» ማለቱ አሳባቸውን ያጠናክራል። ቤልጅጋዊው ዲርክ ኼራርትስና ባልደረባው ግን እ.ኤ.አ. በ1995 የአውሮፓን ፈሊጦች ከጋሌኖስ ትምህርት ቅርስ ለይቶ መተርጐም አይገባም ሲሉ ተቃወሙ። ኮቨቼሽ ራሱ በኋለኛው ጽሑፉ ሥጋ መሠረቱን እንደሚጥል፣ የየሕዝቡ ልማድ ደግሞ ቅርጹን እንደሚሰጠው በመግለጽ ሁለቱን አስታርቋል።