የተማሪ ቲያትር፦ ከጎጃም ቅኔ ቤት እስከ ስደት አገር ቤተ መጻሕፍት

የአማርኛን ቲያትር በልጅነቱ ተሸክመው ያሳደጉት ተማሪዎች ናቸው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከሩሲያ ትምህርታቸው ከተመለሱ በኋላ በ1910ዎቹ መጀመሪያ ለመድረክ ያበቁት «ፋቡላ» በእንስሳት አፍ የሹማምንትን ምግባር በመንቀፉ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ቲያትር እንደገና ነፍስ የዘራው በ1920ዎቹ፣ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ የሴቷን ቦታ ሳይቀር የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ።

ለዚህ እጅግ ከደከሙት አንዱ ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። የተወለዱት በጎጃም ደብረ ኤልያስ ነው። ወደ ቲያትር ይዘውት የመጡት ስንቅ ቅኔ ነበር። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን፣ ማለትም በሐሳቡ የደረሰውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ ጓደኞቹ በዙሪያው ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ የሳተው እዚያው በሰው ፊት ይታረማል። ቃሉ አፍ ላይ እስኪስተካከል ድረስ ተማሪው አይለቀቅም። በዚህ ያለፈ ሰው ልጆችን ለመድረክ ማሠልጠን አይከብደውም። ዮፍታሔም በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ድርሰቱንም መዝሙሩንም ራሳቸው እያዘጋጁ ተማሪዎቻቸውን ለመድረክ አበቁ። ሌላው የዚያ አገር ልጅ፣ ሀዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከመጻፋቸው ብዙ ቀደም ብለው ቲያትር ደርሰዋል።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። «አፋጀሽኝ» የዚያ የስደት ዘመን ድርሰት ነው። የአማርኛ ቲያትር ከአገሩ ውጭ መጻፍ የጀመረው በዲያስፖራ ዘመን ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ መታወስ አለበት።

ያው የሱዳን መንገድ በ1970ዎቹ ከደርግ የሸሹ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ተቀብሎ ወደ አሜሪካ አሳልፏል። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የብዙዎቹ መኖሪያ ሆነ። ገጣሚ፣ ተዋናይትና አዘጋጅ ዓለምፀሐይ ወዳጆ እ.ኤ.አ. በ2000 እዚያው ዋሽንግተን የጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከልን መሠረቱ፤ ቲያትርና ግጥም በአማርኛ የሚቀርብበት ቤት ተገኘ። የቤቱ ተመልካች በአብዛኛው አገር ቤት ያደገ ሰው ነበር። የተመልካቹ ልጆች ግን ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ፦ አማርኛውን እንዴት ይናገሩታል?

በስደት አገር የተወለደ ታዳጊ አማርኛ ይሰማል። እናቱ ስትጠራው «አቤት» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በእንግሊዝኛ ይጨርሰዋል። ቲያትር ሲለማመድ፣ ፊደል ስለማይለይ ድርሰቱ በላቲን ፊደል ይጻፍለታል፤ ያኔ «ጠ» እና «ተ»፣ «ቀ» እና «ከ» ይደባለቁበታል። «አባቴ ጠራኝ» ሊል የተነሣው ልጅ «ተራኝ» ብሎ ይቀመጣል። የልምምዱ አዘጋጅ «ጠ» ብለው ያሳዩታል፤ ምላሱን ከጥርሱ ሥር አስጠግቶ፣ ትንፋሹን ይዞ በድንገት እንዲለቅ። አምስት ጊዜ ይሞክራል፤ በስድስተኛው ይወጣለታል፤ ከዚያ ወዲያ አይጠፋበትም። አያቱን ሆና ለምትጫወተው ልጅ «ነይ» ሲል ደግሞ «ይምጡ» ብሎ እንዲያርም ይደረጋል፤ አክብሮት በግሥ እንደሚነገር የሚገባው በዚህ ነው። የቅዳሜ የቋንቋ ክፍል በቀላሉ የማይደርስበት ቦታ የቲያትር ልምምድ ሊያደርስ ይችላል። ምክንያቱ ከቅኔ ቤቱ የተለየ አይደለም፦ ቃሉ በእኩዮች ፊት ይነገራል፣ በእኩዮች ፊት ይቃናል።

ለእንዲህ ያለው ልምምድ የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተስማሚ ቦታ ነው። ብዙዎቹ ለማኅበረሰብ ስብስቦች ክፍል ያለ ኪራይ ይሰጣሉ፤ ለታዳጊዎች የተመደበ ሠራተኛ ያላቸውም ጥቂት አይደሉም። ወላጅ ልጁን ያለ ሥጋት ይልካል። ጉድለትም አለው፦ ብዙ ጊዜ መድረክና የመድረክ መብራት የለም፣ ድምፅ ከግድግዳ ማዶ የሚያነብን ሰው ይረብሻል፣ በሩ በሰዓቱ ይዘጋል። ስለዚህ አጭር፣ ከወንበር በቀር ዕቃ የማይፈልግ ድርሰት ይመረጣል። ለዚህ ተረት የሚያህል የለም፤ ፋቡላም መነሻው የላ ፎንቴን ተረት ነበር።

ተረቱን ለማግኘት ደግሞ መጽሐፍ ያስፈልጋል፤ ይህን ጉድለት ቀድመው ካዩት አንዱ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። በስደት አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠሩ፣ ከብዙ ቋንቋዎች መካከል ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ የሚሆን መጽሐፍ አጡ። የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ። በሁለት ቋንቋ የታተመ ተረት ለልምምድ ክፍሉ እጅግ ይጠቅማል፦ ልጁ ትርጉሙን በአንዱ ዓይቶ በሌላው ይናገራል።

በአገር ቤት ደግሞ፣ በጎጃም እንደ ሉማሜ ባሉ የወረዳ ከተሞች የተማሪ ቲያትር የሚሠራው በትምህርት ቤት ክበብ ነው። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ማይክሮፎኑን ያበድራል፣ ጋቢውና ነጠላው ከየቤቱ ይመጣል፣ የወላጆች በዓል ሲደርስ ሜዳው መድረክ ይሆናል። ድርሰቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌሎቹ እየሰሙ በቃላቸው ይይዛሉ።