ከማኅሌት እስከ ችሎት፦ የሰምና ወርቅ አፈታት ታሪክ

የአዲስ አበባን የልደታ ሰፈር የሚያውቅ ሰው ስሙን ሲሰማ ሁለት ነገሮች በዓይነ ኅሊናው ይመጣሉ፤ አንደኛው ሰፈሩ ስያሜውን ያገኘበት የልደታ ለማርያም ደብር፣ ሁለተኛው ፍርድ ቤቱ ነው። ግንቦት 1 ቀን በሚከበረው በዓል ሊቃውንቱ በማኅሌት ቆመው ቅኔ ያቀርባሉ፤ በሥራ ቀን ደግሞ ባለጉዳይ አቤቱታውን በወረቀት ጽፎ ወደ ችሎቱ ይገባል። ዛሬ ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ያለ አይመስልም። የግጥምን አፈታት ታሪክ ለሚመረምር ሰው ግን ቅኔ ቤቱና የዳኝነቱ አደባባይ የአንድ ጥበብ ሁለት ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

ቅኔ ቤት የገባ ደቀ መዝሙር በመጀመሪያ የሚሞክረው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናን ነው፤ እያደረ ወደ ስድስት ቤቱ ሥላሴና ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ያድጋል። መምህሩ ይቀኝለታል፤ ሰሙንና ወርቁን፣ እርባታውንና አገባቡን ይዘረዝርለታል። ተማሪውም ከሰው ርቆ ጥላ ፈልጎ ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርምለታል። በዚህ ሥርዓት መፍጠርና መፍታት የተነጣጠሉ ሥራዎች አልነበሩም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የቀደምትንና የደኃርትን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው ሲያሳትሙ ቃሉ በማተሚያ ቤት ደረጃ ሰፈረ፤ የአፈታቱ ትምህርት ግን በዋናው በመምህሩ አንደበት ቀጠለ።

‹‹ሰምና ወርቅ›› የሚለው ስያሜ ከአንጥረኛ የተወሰደ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ያግለዋል፤ ሰሙ ቀልጦ በወጣበት ባዶ ቦታ የቀለጠ ወርቅ ያፈስሳል። ይህን ምሳሌ የሚጠቅሱ ብዙ መምህራን የሚያተኩሩት በሰሙ መፍሰስ ላይ ነው፤ በዚህም የተነሣ ተማሪው ሰሙን ቶሎ አራግፎ ‹‹ወርቁ ይህ ነው›› ማለትን ብቻ የግጥም ትንተና አድርጎ ይወስደዋል። ምሳሌው የሚያስተምረው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ወርቁ መልክ ያገኘው ከሰሙ ነው። ሰሙ የተጣመመ እንደሆነ ወርቁም ተጣሞ ይወጣል።

የቤተ ክህነቱን ጥበብ ከግዕዝ ወደ አማርኛ፣ ከቅኔ ማኅሌት ወደ ሕዝብ አደባባይ ካወጡት መድረኮች አንዱ የበላ ልበልሃ ሙግት ነው። ተሟጋቾች ሸማቸውን አደግድገው በዛፍ ጥላ ሥር ይቆማሉ፤ ዳኛው የተሾመ ሰው ወይም በመንገድ ሲያልፍ የተለመነ ሽማግሌ ይሆናል፤ በዙሪያው የተሰበሰበው ሕዝብ ያዳምጣል። ነገሩ ቤት እየመታ፣ በምሳሌና በኅብረ ቃል እየተሸመነ ይወርዳል። ፈረስ፣ በቅሎ ወይም ማር ይወራረዳሉ፤ ዛሬ ፍሬ ቢስ ክርክር ማለት ሆኖ የቀረው ‹‹እሰጥ አገባ›› የዚያ ውርርድ ትራፊ ነው። በቅሎ የሚያስይዘው ባላባትና ዋስ አጥቶ የሚንከራተተው ገባር እኩል አልነበሩም፤ ባለጸጋው አንደበተ ርቱዕ ነገረ ፈጅ ሊያቆም ይችላል፤ ድኃው ያለው የገዛ ምላሱ ነው። ስለዚህ የዳኛው ጆሮ ከባድ ኃላፊነት ነበረበት። ቃሉ ስላማረ ማስረጃው አማረ ማለት እንዳልሆነ ካልለየ መሬት ከባለቤቱ ትወጣለች። ኅብሩን መፍታት እዚህ ላይ የጨዋታ ሳይሆን የፍርድ ጉዳይ ነበር።

ለማሳያ ያህል ብቻ የተዘጋጀች አንዲት ሁለት ስንኝ ትታይ፦

ማዕዱ ሰፍቶ ሞልቶ፣ ዳኞች ቀርቦላችሁ፣
ከሁሉ በፊት ግን፣ ማሩ እባካችሁ።

እያንዳንዱ ስንኝ በስድስት በስድስት ቀለም ተከፍሏል፤ ይህ የወል ቤት የሚባለው ነው። ሰሙ የጋባዥ ንግግር ነው፤ ከቀረበው ምግብ ሁሉ አስቀድሞ ማሩ እንዲቀመስ ይለምናል። ኅብሩ ‹‹ማሩ›› ላይ ነው፤ የንብ ማር መሆኑ ይቀርና ‹‹ምሕረት አድርጉ›› ይሆናል። ‹‹ከሁሉ በፊት›› የሚለውም አብሮ ይዞራል፤ ከምግቡ በፊት የነበረው ከፍርዱ በፊት ይሆናል። ብዙ ተንታኝ እዚህ ላይ ያበቃል። ነገር ግን ‹‹ማሩኝ›› ማለት ማንም የሚለው ልመና ነው። ግጥሙን ግጥም ያደረገው ሰሙ ውስጥ የቀረው ማዕድ ነው፤ ለማኙ በረሃብ ቆሞ ዳኞቹ በሞላ ገበታ ተቀምጠዋል። ወቀሳው ያለው በሰሙ ነው። ሰሙን የጣለ አንባቢ ልመናውን ሰምቶ ክሱን ሳይሰማ ይሄዳል።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ዳኝነትም ሚኒስትር ተሾመለት። የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔሩ በ1952፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ በ1958 ዓ.ም. ወጡ። ክርክር በጽሑፍ መቅረቡ ለድኃው የሚበጅ ነገር ነበረው፤ ቢያንስ አንደበቱ ስለተሳሰረ ብቻ መረታቱን ቀንሷል። ያ ቤት የሚመታ ሙግት ግን ከችሎቱ ወጣ፤ ቅኝቱን የሚያውቀው ጆሮም አብሮ ተበተነ።

ከበተነው አንዱን ክፍል መልሶ የሰበሰበው ቴአትርና ዩኒቨርሲቲ ነው። የቅኔው ሊቅ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን ትዝታ በመጽሐፍ አቆይተዋል፤ ቀደም ሲል በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የአማርኛን ግጥም አመታት የሚመረምር ጥናት በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። ተውኔቶቻቸውን ያየ ሰው የተሟጋቹን የነገር አጣጣል ከነለዛው ያገኘዋል። ፀጋዬ ገብረ መድኅን በበኩላቸው ስንኙን ከስድስት ወደ ስምንት ቀለም አስፍተው ለመድረክ ድምፅ አመቻቹት፤ ይህንኑም ሊቃውንት የፀጋዬ ቤት ብለውታል። በክፍል ውስጥ ግን ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ወደ ስም ዝርዝር ወረደ፤ ዘይቤው ተነጻጻሪ ነው ወይስ ተለዋጭ፣ ሰውኛ ነው ወይስ ግነት ተብሎ ይጠየቃል፤ ተማሪው ስሙን ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠው ሽማግሌ ቢሆን ኖሮ፣ ማን ለማን፣ ምን ፈልጎ፣ ስለምን በዚህ ቃል እንደተናገረ ሳይጠይቅ ተሟጋቹን ባላሰናበተው ነበር።