ከደመወዝ ላይ ስንት? እስከ መቼ? የመምህራን የቆየ ጥያቄና የእኛ ውሳኔ



በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችን ከባድ ጉዳይ ይቀርባል። ማኅበራችን በሚያስተዳድረው መዋዕለ ሕፃናት ስድስት መምህራት ያስተምራሉ። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ካቋረጠ ወዲህ የብዙ ድርጅቶች በጀት ሳስቷል፤ የእኛም ከዚያ አልተረፈም። አሁን ሁለት መንገድ ይታየናል። አንደኛው ሁለቱን መምህራት አሰናብቶ ለአራቱ ሙሉ ደመወዝ መክፈል ነው። ሁለተኛው የሁሉንም ደመወዝ ቀንሶ ስድስቱንም ማቆየት ነው።

ብዙዎቻችን ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ይመስለናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ነገር ግን ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከግንጪና ከጌዶ ከተሰባሰብነው መካከል መምህራት አሉ፤ የመምህራን ሚስቶችና ልጆችም አሉ። እነዚህ አባሎቻችን ከመምህር ደመወዝ ላይ መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ ከጓዳቸው ያውቁታል። ስለዚህ እጃችንን ከማውጣታችን በፊት ይህ ጥያቄ በአገራችን መምህራን ላይ እንዴት እንዳለፈ እንድናስታውስ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ማኅበር አለ፣ መደራደር የለም

መምህራን በአገራችን ቀድመው ከተደራጁ ባለሙያዎች መካከል ናቸው። ማኅበራቸው በ1941 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ተብሎ አገር አቀፍ ሆነ። በዚያው ዘመን፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ወጥቶ የፋብሪካ ሠራተኞች በሠራተኛ ማኅበር ተደራጅተው ከአሠሪያቸው ጋር እንዲደራደሩ ተፈቀደ። የመንግሥት ሠራተኛ ግን በዚያ ሕግ አልታቀፈም። የመንግሥት መምህር ማኅበር ቢኖረውም ስለ ደመወዙ በሕግ ፊት ተቀምጦ የኅብረት ስምምነት የሚፈርምበት ጠረጴዛ አልነበረውም።

ይህ ልዩነት እስከ ዛሬ አለ። አሁን የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ትምህርት ቤት መምህርን ያቅፋል፤ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል ይላል። የመንግሥት መምህር ግን የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው። ስለዚህ በመንግሥት ትምህርት ቤት ማኅበር አለ፣ የመደራደር መብት የለም፤ በግል ትምህርት ቤት መብቱ አለ፣ ማኅበሩ ግን በብዙ ቦታ አልተቋቋመም። ከደመወዝ ላይ መቀነስ ሲመጣ ሁለቱም ወገኖች ብዙውን ጊዜ ነገሩ ካለቀ በኋላ የሚሰሙት ለዚህ ነው።

የ1966 እምቢታ

በጊዜው አምቦ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ከተማ ነበረች፤ በመንግሥት ወረቀት ስሟ ሀገረ ሕይወት ነው። በ1964 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በዓለም ባንክ እየተረዳ የትምህርት ዘርፍ ጥናት አስጀመረ። የጥናቱ መነሻ ሐሳብ ለጆሮ የሚጥም ነበር። ትምህርት ለጥቂት የከተማ ልጆች ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለገጠሩም ይዳረስ፤ ለዚህም የአራት ዓመት ትምህርት ለሁሉም ይሰጥ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ዕድገት ግን ይገደብ የሚል ነው።

ወላጆች ይህን ሲሰሙ፣ የእኛ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም ነው ብለው ደነገጡ። መምህራኑ ደግሞ የሥራ ጫናው ጨምሮ ደመወዛቸው ወደ ኋላ ይቀራል ብለው ፈሩ። የደመወዝ ጥያቄያቸው ለዓመታት ሲንከባለል የቆየ ነበር። ከሁሉም በላይ ያስቆጣቸው ግን ጥናቱ ሲዘጋጅ ማኅበራቸው አለመጠየቁ ነው። ለድሃው ልጅ ሲባል መሥዋዕት ክፈሉ የተባሉት ሰዎች መሥዋዕቱ ሲለካ አልነበሩም።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የመምህራኑ የሥራ ማቆም ተጀመረ። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች በነዳጅ ዋጋ መጨመር ምክንያት ሥራ አቆሙ። ቀናት ሳይቆዩ መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ቀነሰ፣ የትምህርት ዘርፍ ጥናቱም እንዲዘገይ ተደረገ። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ከየካቲት 28 ጀምሮም የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የአብዮቱ መግቢያ ሆኖ ነው። ለእኛ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ሌላው ጎኑ ነው። የገጠሩ ልጅ ይማር መባሉ እውነተኛ ችግር ነበር፤ መምህራኑም ያንን አልካዱም። ጥሩ ዓላማ ይዞ የመጣ ዕቅድ የወደቀው ዋጋውን የሚከፍሉትን ሳያማክር ዋጋውን ስለተመነ ነው።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላም ዕረፍት አላገኘም። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ተከፍሎ፣ ስሙና ንብረቱ የማን እንደሆነ የሚደረገው ክርክር እስከ 2000 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ቆየ። ሊቀ መንበሩ ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ለስድስት ዓመት ታሰሩ፤ ከአመራሩ አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ስለ መምህር ደመወዝ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ መናገር ለምን ያስፈራ እንደነበር ለማስረዳት ይህ ይበቃል።

የአንድ ወር ደመወዝ

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። የመንግሥት ሠራተኞች፣ መምህራንም ጭምር፣ የአንድ ወር ደመወዛቸውን ለግድቡ እንዲሰጡ በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ተደረገ። ብዙዎች በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያስቆረጡ የቦንድ ባለቤት ሆኑ። ግድቡን የማይወድ በመካከላችን አልነበረም። ያም ሆኖ የአንድ ወር ደመወዝ በአሥራ ሁለት ወር ሲካፈል ከእያንዳንዱ ወር ከመቶ ስምንት ብር ያህል ነው። ይህ ቁጥር በስብሰባ አዳራሽ ትንሽ ይመስላል። በቤት ውስጥ ግን አንድ ጀሪካን ዘይት ነው፤ ከጀልዱ የሚመጣ ድንች ነው፤ የልጅ ደብተር ነው። እጅ የሚያወጣው አንዱ፣ ከዘይቱ ላይ የምትቀንሰው ሌላዋ ሆነች።

ስለዚህ መዋጮ መመዝገብ ያለበት አንድ መልካም ነገርም አለ። ቦንድ ብድር ነው። ስንት እንደሰጠህ የሚናገር ወረቀት አለው፤ የሚመለስበት ቀንና ወለድ አለው። ከደመወዝ ላይ ተቆርጦ ወረቀት ከሌለው ገንዘብ ይለያል።

የ2012 ክርክር

ለዛሬው ውሳኔያችን ቅርብ የሆነው ግን የኮሮና ዓመት ነው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን ተገኘ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የመንግሥት መምህር ደመወዙ አልተቋረጠም። የግል ትምህርት ቤት ግን የሚተዳደረው ወላጅ በሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ ወላጁም ልጄ ላልተማረበት አልከፍልም አለ። ትምህርት ሚኒስቴር መሐል ገብቶ ትምህርት ቤቶቹ ከወርኃዊው ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲያስከፍሉ ወሰነ። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ከሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር መመሪያ ውጭ ሠራተኛ ማሰናበትን ከለከለ።

በአምቦና በአካባቢዋ በግል ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ የነበሩ አባሎቻችን ያንን ጊዜ ሲያስታውሱ ሦስት ዓይነት ሐሳብ እንደነበር ይናገራሉ። አንዳንዶቹ ሁላችንም ግማሽ እንውሰድ፣ ማንም ሜዳ ላይ አይውደቅ አሉ። ሌሎቹ ወላጅ ምን ያህል እንደከፈለ መዝገቡ ሳይታይ ስለ ቅነሳ አናወራም፣ ሎሚውን የሚያሸክመን ሰው ራሱ ስንት እንደያዘ ይነገረን አሉ። ሦስተኞቹ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራትና ረዳቶቻቸው ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ደመወዛቸውም ከሁሉ ያነሰ። የእነርሱ ሐሳብ አጭር ነበር። የትልቅ ደመወዝ ግማሽ ያኖራል፤ የትንሽ ደመወዝ ግማሽ የቤት ኪራይ አይሸፍንም።

ሦስቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው። ማኅበር ስላልነበራቸው ግን ሦስቱን ሐሳብ አስማምቶ ወደ አሠሪው የሚወስድ ሰው አልተገኘም። አንዳንዱ ጋ ግማሽ ተከፈለ፣ አንዳንዱ ጋ ምንም፤ በጽሑፍ የተሰጣት መምህርት ጥቂት ናት። በሰኔ ወር የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ ከተማችን ሐዘን ላይ ስትቀመጥ ብዙዎቹ ደመወዝ ካዩ ወራት አልፏቸው ነበር። በ2013 ጥቅምት ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የተቀነሰው ይመለስ ይሆን ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ተቆጠረ። እስከ መቼ የሚለው ቀድሞ ስላልተጻፈ የሚጠየቅበት ቀን አልነበረውም።

ሌሎች አገሮች

ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1931 በኢኮኖሚ ችግር ላይ ሳለች የመምህራን ደመወዝ በ15 በመቶ እንዲቀነስ ቀረበ። መምህራኑ ተቃውመው ወደ 10 በመቶ አወረዱት። ግማሹ በ1934፣ ቀሪው በ1935 ተመለሰላቸው። በዚያን ጊዜ የሴት መምህር ደመወዝ ከወንዱ አምስት እጅ አራቱ ያህል ብቻ ስለነበር፣ እኩል በመቶ ሲቀነስ የተረፈው እኩል አልነበረም።

የኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ልትከስር ስትደርስ በሺህ የሚቆጠሩ መምህራንን አሰናበተች። በጥቅምት ወር በአልበርት ሻንከር ይመራ የነበረው የመምህራን ማኅበር፣ ብዙ ካመነታ በኋላ፣ ከጡረታ ገንዘቡ 150 ሚሊዮን ዶላር የከተማዋን ቦንድ እንዲገዛ ተስማማ። ማኅበሩ ገንዘቡን በብድር ሰጠ እንጂ አልለገሰም።

ዕቁባችን የሚያውቀው

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ከዕቁባችን ደንብ የተለየ አይደለም። በዕቁብ ማንም ሴት ስንት እንደምትጥል፣ እስከ መቼ እንደምትጥል፣ መቼ እንደሚደርሳት ሳታውቅ አንድ ብር አታወጣም። ዳኛውና ጸሐፊውም እንደማንኛውም አባል ይጥላሉ። ከመምህራት ደመወዝ ላይ ስንቀንስ ከዚያ ያነሰ ደንብ ልንይዝ አይገባም።

ሕጉም የሚለው ከዚህ አይርቅም። በዐዋጅ 1156/2011 መሠረት ሕግ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ካልፈቀደ በስተቀር ያለ ሠራተኛዋ የጽሑፍ ስምምነት ከደመወዟ ላይ አይቆረጥም፤ የሚቆረጠውም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶውን ሊያልፍ አይችልም። በገንዘብ እጥረት ሥራን ለጊዜው ማገድም ከ90 ቀን አይበልጥም።

ስለዚህ ለጉባኤው የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ስድስቱ መምህራት ውሳኔው ሳይሰጥ በፊት የሒሳብ መዝገባችንን ይዩ፤ ለብቻቸው ተቀምጠው ይምከሩ፤ ሐሳባቸውንም በመረጧት ተወካይ በኩል ያቅርቡ። መቀነሱን የሚቀበሉት እነርሱ ሲስማሙ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅነሳ ካለ ለሁሉም እኩል በመቶ አይሁን። ከሁሉ ያነሰ የሚከፈላቸው ሁለቱ ረዳት መምህራት አይነካባቸው፤ የጽሕፈት ቤታችን አስተባባሪ ከሁሉም የበለጠ ትቀንስ።

ሦስተኛ፣ የሚቀነሰው ገንዘብ የማኅበራችን ዕዳ ሆኖ ይመዝገብ። ለእያንዳንዷ ወረቀት ይሰጣት፤ ከስድስት ወር በኋላም ጉዳዩ እንደገና ጉባኤ ፊት ይቅረብ። ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚከፈለው እርሱ ይሁን።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ለጠረጴዛ፣ ለመጫወቻና ለሕንፃ ቀለም ርዳታ ማግኘት አይከብደንም፤ ለደመወዝ የሚሰጠን ግን ጥቂት ነው። ደመወዝ አስተዳደራዊ ወጪ ተብሎ ስለሚጻፍ መጀመሪያ የሚቀነሰው እርሱ ይሆናል። ልጆቹ ግን ቀለም ከተቀባው ግድግዳ ፊደል አይቆጥሩም። በሚቀጥለው ዓመት ዕቅዳችሁ ውስጥ ይህን እንድታዩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አባሎች ሆይ፣ በጉባኤው ዕለት የመዋዕለ ሕፃናቱ ሒሳብ በትልቅ ወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ማንበብ ለሚያስቸግራት በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይነበብላታል። ቀርታችሁ በሰው አትወክሉ፤ ራሳችሁ ኑ።