ከሐውልት ይልቅ አዳራሽ፦ የኒውዚላንድ ገጠር የጦርነት መታሰቢያ

በኒውዚላንድ የገጠር መንደሮች የሚገኙት የጦርነት መታሰቢያ አዳራሾች ሠርግ የሚደገስባቸው፣ ጭፈራና የገበሬዎች ስብሰባ የሚካሄድባቸው ቤቶች ሲሆኑ፣ በጦርነት የሞቱ የአካባቢው ልጆች ስም የሰፈረበትን የክብር ሰሌዳም ይዘዋል። ሐዘንና ድግስ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት ሊገናኙ እንደቻሉ የሚያስረዳው የሁለት ጦርነቶች ታሪክ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት ይበልጥ ከነበረው የአገሪቱ ሕዝብ ወደ 100,000 የሚጠጉት ባሕር ተሻግረው የዘመቱ ሲሆን፣ 18,000 ያህሉ ሞተዋል። አስከሬን ወደ አገር እንዳይመለስ በመወሰኑ አብዛኞቹ በጋሊፖሊ፣ በፈረንሳይና በቤልጂየም የቀሩ ከመሆናቸውም በላይ፣ ብዙዎቹ የታወቀ መቃብር እንኳ አላገኙም፤ በመሆኑም በየመንደሩ የቆመው ሐውልት ለቤተሰቡ የመቃብር ምትክ ሆነ። እንዲህ ያለው ስፍራ ለሌላ አገልግሎት መዋል የለበትም የሚለው አስተሳሰብ በዚያን ዘመን የበላይነት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

12,000 ያህል ሰዎች ካለቁበት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን አስተያየቱ ተለወጠ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1946 «ሕያው መታሰቢያ» ለሚባለው፣ ማለትም ሙታንን እያስታወሰ ሕያዋንን ለሚያገለግል የማኅበረሰብ ማዕከል፣ ሕዝቡ ባዋጣው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ አንድ ፓውንድ እንደሚጨምር አስታወቀ። ገበሬው ከብት እየለገሰና ጉልበቱን በነጻ እየሰጠ፣ ሴቶች ለጭፈራው ምሽት ምግብ እያዘጋጁ፣ ወጣቶች ውድድር እያደረጉ ገንዘቡን አሰባሰቡ፤ ለመኖሪያ ቤት ቅድሚያ በመሰጠቱ የግንባታ ዕቃ ቢያጥርም፣ ከ300 በላይ አዳራሾች ተሠሩ፤ ብዙዎቹ የተከፈቱትም በ1950ዎቹ ነው።

ጭፈራ ቤት ሙታንን ያስረሳል የሚለው የዘመኑ ተቃውሞ በቀላሉ የሚጣል አልነበረም፤ ሰሌዳውን ሳያነቡ የሚያልፉ ሰዎች በእርግጥም ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ለዓመታት የዘለቀው መዋጮና የጋራ ሥራ ራሱ የሐዘን መወጫ ስለነበር፣ መንደሩ ለልጆቹ ያደረገው ከማናቸውም ድንጋይ የሚያንስ አይደለም።

ዛሬ የገጠሩ ሕዝብ ቀንሷል፤ የመንደር ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የመሬት መንቀጥቀጥን ለመቋቋም የወጣው ሕግ የሚጠይቀው የማጠናከሪያ ወጪም ለትንሽ መንደር ከባድ በመሆኑ የተሸጡና የፈረሱ አዳራሾች አሉ። ሕንፃን ለዘላለም ማቆየት አይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን የክብር ሰሌዳው የት እንደሚኖር ሳይወሰን አንድም አዳራሽ ሊሸጥ አይገባም።