የታሸገ ስንቅ፤ ከጦር ሜዳ እስከ ጓዳ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። የማያውቁት ምግብም እንዲሁ ነው። በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጓዳ ቱናና ሳርዲን፣ ሽምብራና የቲማቲም ድልህ አይጠፉም። ድልሁማ አገር ቤትም በመርቲ ፋብሪካ ጣሳ የታወቀ ነው። ከእነዚህ ጎን በሱቅ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩት እንግዳ ቆርቆሮዎች ግን ሥዕላቸው ታይቶ ይታለፋሉ። ጥርጣሬው አያስወቅስም። በቆርቆሮ ውስጥ ያለው አይታይም፣ አይሸትም፤ ገዢ የሚገዛው ምግቡን ብቻ ሳይሆን የአሻጊውን ቃል ጭምር ነው። ያ ቃል እንዴት እንደተሰጠ፣ እንዴት እንደታጠፈና በምን እንደተጠገነ ማወቅ ደግሞ የትኛውን ቆርቆሮ ደፍሮ መክፈት እንደሚቻል ያስተምራል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለሩቅ መንገድ ስንቅ ማዘጋጀት ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። ቋንጣው፣ በሶው፣ ድርቆሹ ሁሉ እርጥበቱ ወጥቶለት እንዳይበላሽ የተዘጋጀ የመንገደኛና የዘማች ምግብ ነው። የአውሮፓ መርከበኞችና ወታደሮች ደግሞ በጨው የታሸ ሥጋና እንደ ድንጋይ የጠነከረ ብስኩት ይዘው ይጓዙ ነበር። ኒኮላ አፔር የተባለ ፈረንሳዊ የጣፋጭ ምግብ ሠሪ ሌላ ዘዴ አመጣ። ሥጋውን፣ አትክልቱን፣ ወተቱን በጠርሙስ ከትቶ አፉን በቡሽ ከደፈነ በኋላ ጠርሙሱን እንዳለ በፈላ ውሃ ይቀቅለዋል። በ1810 የፈረንሳይ መንግሥት ዘዴውን በመጽሐፍ አሳትሞ ለሕዝብ እንዲገልጥ በማለት 12,000 ፍራንክ ሰጠው። በዚያው ዓመት ፒተር ዱራንድ የተባለ እንግሊዛዊ በጠርሙስ ፋንታ ቆርቆሮን የሚጨምር የፈጠራ መብት ለንደን ላይ አስመዘገበ። ብራያን ዶንኪንና ጆን ሆልም በ1813 በለንደን በርመንዚ ሰፈር ፋብሪካ አቋቁመው ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል የታሸገ ሥጋ ማቅረብ ጀመሩ።

ያን ጊዜ የጣሳ መክፈቻ የሚባል ነገር ስላልነበረ ወፍራሙ ቆርቆሮ የሚከፈተው በመሮና በመዶሻ ነበር። አሜሪካዊው ዕዝራ ዋርነር መክፈቻውን ያስመዘገበው በ1858 ነው። ከዚህ የባሰው ችግር ግን ምግቡ ለምን ሳይበላሽ እንደሚቆይ በትክክል የሚያውቅ አለመኖሩ ነበር። የዘመኑ ሊቃውንት አየሩ ስለወጣለት ነው ይሉ ነበር። ምግብን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት መሆናቸውን ሉዊ ፓስተር እስኪያስረዳ ድረስ ከአፔር መጽሐፍ በኋላ 50 ዓመት ገደማ አለፈ። እስከዚያው አሻጊው ሁሉ የሚሠራው በልማድ ነበር።

ልማድ ብቻውን ምን እንደሚያስከትል በግልጽ የታየው በእስቲፈን ጎልድነር ጊዜ ነው። ይህ ነጋዴ በዝቅተኛ ዋጋ ተጫርቶ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አቅራቢ ሆነ። በ1845 ሰር ጆን ፍራንክሊን በሁለት መርከቦች ወደ ሰሜን ዋልታ ባሕር ሲጓዙ የያዙት ጣሳ የእሱ ነበር። ከ129ኙ ተጓዦች አንድም አልተመለሰም። ብርዱ፣ ረሃቡና በሽታው ስለነበሩ ጣሳው ብቻውን ገደላቸው ማለት አይቻልም። ሆኖም በ1852 መጀመሪያ መርማሪዎች ጎልድነር ለባሕር ኃይሉ መጋዘን ካቀረባቸው ጣሳዎች 306 ያህሉን ሲከፍቱ ለመብል የሚሆኑት 42 ብቻ ሆነው ተገኙ። ሽታው የማይቻል ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ የጣሳው ትልቅነት ነው። ድስት ሙሉ ወጥ ዳሩ ሲንተከተክ መሐሉ ገና ለብ ያለ እንደሚሆን ሁሉ፣ በትልቅ ጣሳ መካከል ያለው ሥጋም በቂ ሙቀት አላገኘም። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ሕዝቡ ከታሸገ ሥጋ ሸሸ።

መድኃኒቱ የተገኘው ከቤተ ሙከራ ነው። በ1890ዎቹ ሳሙኤል ፕሬስኮትና ዊልያም አንደርዉድ በቦስተን ለየምግቡ ምን ያህል ሙቀት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስፈልግ መርምረው አሳወቁ። በ1906 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የሥጋ ቁጥጥር ሕጎችን አወጣ። ይህም ሆኖ በ1919 ካሊፎርኒያ ውስጥ የታሸገ የወይራ ፍሬ በኦሃዮና በሚሺጋን ሰዎችን በቦቱሊዝም መርዝ ገደለ። የዚህ በሽታ ዘር ተራ የፈላ ውሃን ይቋቋማል፤ ስለዚህ ዛሬ ሥጋ፣ ዓሣና ባቄላ የሚታሸጉት በግፊት እስከ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ተበስለው ነው።

ቃሉ ከተጠገነ በኋላ እንግዳው ቆርቆሮ የሰው ባህል ውስጥ ሲገባ ታየ። በ1937 በሚኒሶታ መሸጥ የጀመረው እስፓም የተባለው የታሸገ የአሳማ ሥጋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከወታደሩ ጋር ባሕር ተሻገረ። የሃዋይ ሰዎች ጠብሰው በሩዝ ላይ አድርገው በባሕር ቅጠል ጠቀለሉት። በኮሪያ ደግሞ ከ1950–53ቱ ጦርነት በኋላ የተቸገረው ሕዝብ ከአሜሪካ ጦር ሰፈር የወጣውን ሥጋ ከቦካ ጎመንና ከበርበሬ ጋር ቀቀለው። «የጦር ሰፈር ወጥ» የተባለው ይህ ምግብ ዛሬ ሰው ወዶና ከፍሎ የሚበላው ነው። «ችግር በቅቤ ያስበላል» ማለት ይህ ነው።

ስዊድኖች ደግሞ ሱርስትሮሚንግ የሚሉት የቦካ ዓሣ አላቸው። ጣሳው ውስጥም መቡካቱን ስለማያቆም ክዳኑ ይነፋል፤ በ2006 ኤር ፍራንስና ብሪቲሽ ኤርዌይስ በአውሮፕላን እንዳይጫን ከልክለዋል። ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ከቤት ውጭ ተከፍቶ ከድንችና ከስስ ቂጣ ጋር ይበላል። እንጀራና ቆጮ ለሚያቦካ ሕዝብ መቡካትና መበስበስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ምሥጢር አይደለም።

ከዚህ አንድ ልዩ ዓይነት በቀር ግን የተነፋ፣ የሚያንጠባጥብ ወይም መጋጠሚያው የተጨረመተ ጣሳ ሳይቀመስ ይጣላል፤ የቦቱሊዝም መርዝ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላልና። ጿሚውም ሆነ አሳማ የማይበላው በጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ይግዛ፤ ወተትና የአሳማ ስብ በማይጠበቁበት ይገኛሉ። ጤነኛውን ጣሳ ግን መፍራት አያስፈልግም። መጀመሪያ አንድ ብቻ ገዝቶ፣ በቀይ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ሞክሮ፣ ከተስማማ ሁለተኛውን ለክፉ ቀን ጓዳ ማስቀመጥ ነው።