የዙዌላ በር

ባለፈው ዓመት ለመሥሪያ ቤቴ ጉዳይ ወደ ካይሮ ተልኬ ሳለሁ፥ ሥራው ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ስላለቀ አንድ ሙሉ ቀን ተረፈኝ። ፒራሚዶቹን አስቀድሜ አይቻቸው ነበርና፥ ያን ቀን በአሮጌው የእስላም ከተማ ውስጥ ለሚገኝ ለአንድ የድንጋይ በር ሰጠሁት። በሩ ባብ ዙዌላ፥ ማለት የዙዌላ በር ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

የፋጢማውያን የጦር አለቃ ጀውሃር በ969 ካይሮን በቈረቈረ ጊዜ የከተማዋ ቅጥር የጭቃ ጡብ ነበር። ዙዌላ የተባሉት ከእርሱ ጋራ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ የበርበር ነገድ ወታደሮች ናቸው፤ የደቡቡም በር በስማቸው ተጠራ። ዛሬ የሚታየውን የድንጋይ በር ግን በ1092 ያሠራው ወዚሩ በድር አልጀማሊ ነው። ይህ ሰው በትውልዱ አርመናዊ፥ በአስተዳደጉም ባሪያ ነበር። ረኀብና የወታደሮች ሁከት ግብጽን ባደቀቃት ጊዜ ኸሊፋው አልሙስተንሲር ከአካ ጠርቶት በ1074 ገባ። ሁከተኞቹን በሰይፍ ዝም ካሰኘ በኋላም የመንግሥቱ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሆነ። ኸሊፋው የቀረው ስሙ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሩን ከደቡብ በኩል ለሚያየው፥ ፊታቸው እንደ ከበሮ የተጠጋጋ ሁለት ግንቦች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል፤ በመካከላቸው ያለው ቅስት ከላዩ ክብደት አንጻር ሲታይ ጠባብ ነው። አልመቅሪዚ የተባለው የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው፥ በድር የጠላት ፈረሰኛ በሩጫ እንዳይገባ ብሎ ከበሩ ሥር በጠንካራ ድንጋይ የለሰለሰ ዳገት አሠርቶ ነበር። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ የተንሸራተተው የራስ ሱልጣን የአልካሚል ፈረስ ሆነና፥ ሱልጣኑ ተቈጥቶ አስነሣው። ለጠላት የተጠመደ ወጥመድ ባለቤቱን ሲይዝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

እኔን ወደዚያ የሳበኝ ግን የድንጋዩ ጥርብ ሳይሆን ያሠራው ሰው ነው። በዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የምትቀበለው ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ስለ ነበረ፥ ጳጳስ ለማግኘት ከፓትርያርኩ ቡራኬ በፊት የወዚሩ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ እንደሚተርከው፥ ፓትርያርኩ ዳግማዊ ቄርሎስ አቡነ ሳዊሮስን ለኢትዮጵያ የሾመው በበድር ግፊት ነው፤ ተሿሚውም ገጸ በረከት ሊልክና በኢትዮጵያ መስጊዶች ሊያሠራ ቃል ገብቶ ነበር። ቈይቶም ስጦታው አነሰ፥ መስጊዶቹም አልቆሙም የሚል ክስ ተነሣበት። ጳጳሱ ማሠራቱን፥ ሕዝቡ ግን ማፍረሱንና እርሱም መታሰሩን አስታወቀ። በድር ይህን ሲሰማ መስጊዶቹ ካልተሠሩ የግብጽን አብያተ ክርስቲያናት አፈርሳለሁ ብሎ ላከ። ንጉሣችንም ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዲት ድንጋይ ብትነካ የመካን ድንጋይና ጡብ አስጭኖ እንደሚልክለት፥ ከዚያም አንድ ቢጐድል በክብደቱ ልክ ወርቅ እንደሚከፍል መለሰለት ይላል መጽሐፉ።

ንጉሡ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ይህን ለማድረግ ኃይል ነበረውን? እኔ እጠራጠራለሁ። ነገር ግን ድንጋይ ለሚወድ ሰው በድንጋይ ቋንቋ መመለሱ የሚደነቅ ነው። በሌላ በኩል፥ በሁለቱ ገዢዎች ቃል መካከል የተያዙት የግብጽ ክርስቲያኖችና እኛ ዘንድ የታሰረው ጳጳስ ምን ይሰማቸው እንደ ነበር ማሰብ ያሳዝናል። የእነርሱን አስተያየት የጠየቀ አልነበረም። ይህም ጥገኝነት ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ በ1951 ሊቀ ጳጳስ፥ በ1959 ፓትርያርክ እስኪሆኑ ድረስ ቈይቷል።

በሩም ከዚያ በኋላ ብዙ አይቷል። በ1260 ሱልጣን ቁጡዝ የሞንጎሎቹን መልእክተኞች ራስ የሰቀለው እዚሁ ነው። በ1517 የኦቶማኑ ሰሊም ካይሮን በያዘ ጊዜ የመጨረሻው የመምሉኮች ሱልጣን ቱማን ባይ ተሰቀለበት፤ ገመዱ ሁለት ጊዜ ተበጥሶ በሦስተኛው ነፍሱ ወጣች ይባላል። ከግንቦቹ በላይ የቆሙት ሁለቱ ሚናራዎች የሱልጣን አልሙአየድ ሸይኽ ናቸው። ይህ ሰው ከመንገሡ በፊት በበሩ አጠገብ በነበረው እስር ቤት ሲማቅቅ፥ ነጻ ከወጣሁ ይህን ስፍራ መስጊድ አደርገዋለሁ ብሎ ተስሎ፥ በነገሠም ጊዜ ስለቱን ፈጸመ። ድኾች ደግሞ ከሳንቃው በስተኋላ አንድ ቅዱስ ያድራል ብለው የታመመ ጥርሳቸውን ነቅለው፥ የልብሳቸውንም ቍራጭ በምስማሮቹ ላይ ይሰቅሉ ነበር።

በጠባቡ ደረጃ ወደ ግንቡ ወጣሁ። በሰሜን አልሙኢዝ የሚባለው ጐዳና ከነገበያው፥ በደቡብም የድንኳን ሰፊዎች ሠፈር ይታያል። ከዚያ ወዲያ የፓትርያርኩ መንበር የነበረባት የፉስጣጥ አቅጣጫ ነው። ከዚያ ወጥቶ ወዚሩን ደጅ ሊጠና የሚመጣ ሰው በዚሁ በኩል ሳይገባ አይቀርም ብዬ አሰብሁ።

ከወረድሁ በኋላ የሱልጣኑ ፈረስ የተንሸራተተበትን ስፍራ ለመገመት ወደ መሬት ሳጐነብስ፥ በራሱ ላይ ሰፊ የዳቦ ርብራብ የተሸከመ ጐረምሳ በብስክሌት እየጮኸ መጣና መንገድ አስለቀቀኝ። እንጀራውን በአንድ እጁ ደግፎ፥ ፍጥነቱን ሳይቀንስ፥ በበድር በር ሥር ገብቶ ሄደ።