ሥራ የፈታ ሽበት



በዚህ በኦቦ ጠጉራቸውን ጥቁር ቀለም የሚቀቡ ወንዶች፣ ግንባራቸው መሸሽ ሲጀምርም ራሳቸውን ጨርሰው የሚላጩ ወንዶች እየበዙ መጥተዋል። አንዳንዶቻችን በዚህ እንስቃለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ነገ ተራው የእኛ መሆኑን ስለምናውቅ ዝም እንላለን። ነገሩ ግን የመስተዋት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ሕዝብ ሽበትን በምን ዓይን እንደሚያይ ማወቅ ሽማግሌዎቹን ለምን ሥራ እንደሚፈልጋቸው ማወቅ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የሽበትንና የራሰ በራነትን ታሪክ ከአገራችን፣ ከጎረቤቶቻችንና ከሌላውም ዓለም እያነሣን ባጭሩ እንመለከታለን።

በቅድሚያ ከቋንቋችን እንነሣ። አማርኛ የሚሸብተውን ሰው ደረጃ በደረጃ ይከተለዋል። መጀመሪያ ሽበት ጣል ጣል ያደርግበታል፤ ጥቁሩና ነጩ ሲደባለቅ ገብስማ ይባላል፤ ፈጽሞ ሲነጣ ሽበታም ይሆናል። ጠጉሩ ላለቀበት ሰው ግን ያሉት ስሞች ሌሎች ናቸው። ራሰ በራ የጨዋ አነጋገር ሲሆን መላጣ ደግሞ ለስድብ የቀረበ ነው። ሽበት ማዕርግ ሲያገኝ ራሰ በራነት ከመሳለቂያነት አላመለጠም። ይህ ልዩነት በቅዱሳት መጻሕፍትም ይታያል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 በሽበታም ሰው ፊት መነሣትን ያዝዛል፤ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 2 ደግሞ ነቢዩ ኤልሳዕን በራሰ በራነቱ ከሰደቡት ልጆች 42ቱን ሁለት ድቦች እንደ ሰባበሩአቸው ተጽፏል። ሽበታሙ በሕግ ሲከበር ራሰ በራው የተከበረው በድብ ነው ማለት ነው።

በአገራችን ሽማግሌ ወደ ቤት ሲገባ ታናሹ «ኖር» ብሎ ከመቀመጫው ይነሣ ነበር። ነገር ግን ይህ አክብሮት ለጠጉር ቀለም ብቻ የተሰጠ አልነበረም። የአገር ሽማግሌ ደም ያደርቃል፤ ባልና ሚስት ያስታርቃል፤ ወሰን ይለያል፤ ልጅ ለመዳር አማላጅ ሆኖ ይላካል። ዘመናዊው ሕግም ቢሆን ይህን አሠራር ጨርሶ አልጣለውም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለጉዳዮች በፈቃዳቸው በመረጡት ሰው የሚዳኙበትን የግልግል ሥርዓት ከአንቀጽ 3325 ጀምሮ ደንግጎ ነበር። እንግዲህ ሽበት የሥራ ልብስ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

የጦረኛ ጠጉር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጠጉራቸውን ሹሩባ ተሠርተው ይታዩ ነበር፤ ሹሩባ በዚያ ዘመን የጀግና ምልክት ነውና። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ እንግሊዞች ከራሳቸው ላይ ጠጉር ቆርጠው ወሰዱ። ይኸው ጠጉር ለንደን በሚገኘው የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ሲቀመጥ ኖሮ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ከሞተ ሰው ራስ የተቆረጠ ጉንጉን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የሁለት መንግሥታት መነጋገሪያ መሆኑ ጠጉር ከሰውነት ክብር ጋር ምን ያህል የተያያዘ እንደ ሆነ ያስረዳል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከፋሺስት ኢጣልያ ጋር በዱር በገደሉ የተዋጉት አርበኞችም በጎፈሬያቸው ይታወቁ ነበር። ከድል በኋላ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ሲሰለፉ ያ ጎፈሬ እየነጣ ሄደ፤ ክብሩ ግን አልቀነሰም። ያ ሽበት ምን ሠርቶ እንደ ነጣ ተመልካቹ ሁሉ ያውቅ ነበርና።

ራስን መሸፈንም በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በሦስተኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ ገንዘብ ያሠራው የአክሱም ንጉሥ እንዱቢስ በገንዘቡ ላይ ራሱን በጨርቅ ሸፍኖ ይታያል። ዐፄ ምኒልክም በብዙ ፎቶግራፎቻቸው ላይ ሻሽ አሥረው በላዩ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው እናያቸዋለን። ካህናቱ ይጠመጥማሉ፤ መነኮሳቱ ቆብ ይደፋሉ። ይህን በመሰለ ልብስ ሥር ያለውን ጠጉር ማን ይቆጥረዋል? ሰውየው የሚመዘነው በጥምጥሙ ማዕርግ እንጂ በጠጉሩ ብዛት አልነበረም።

አሁን ወደ ጎረቤቶቻችን እንለፍ። እንግሊዝና ኢትዮጵያ በ1907 እ.ኤ.አ. ባደረጉት የወሰን ስምምነት አገሩ ለሁለት የተከፈለበት የቦረና ሕዝብ የወንድን ዕድሜ የሚቆጥረው በገዳ ነው። አስመሮም ለገሠ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሥርዓት በሰፊው ገልጸውታል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩኔስኮ አዲስ አበባ ላይ ባደረገው ስብሰባ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በዚህ ሥርዓት ጠጉር እንደ መታወቂያ ወረቀት ያገለግላል። ደበሌ የሚባሉት ሕፃናት ወንዶች ሆነው ሳለ ጠጉራቸው እንደ ልጃገረድ ሳይቆረጥ ያድጋል፤ ወደ ጋሜ ሲሸጋገሩ ይላጫሉ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ገዳሞጂ የሚባሉት አዛውንት ጠጉራቸውን አሳድገው ይቆዩና ዘመናቸው ሲፈጸም በሥርዓት ተላጭተው ጃርሳ፣ ማለት ሽማግሌ፣ ይሆናሉ። ሕይወት በመላጨት ተከፍታ በመላጨት ትዘጋለች ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን ይህ ነው። በገዳ ደንብ ልጅ ከአባቱ በ5 ደረጃ፣ ማለት በ40 ዓመት፣ ወደ ኋላ ሆኖ ይከተላል። ስለዚህ አባቱ በሽምግልናው የወለደው ልጅ ገና ጠጉሩ ሳይሸብት በከፍተኛ ደረጃ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ አባቱ በወጣትነቱ የወለደው ደግሞ ሸብቶም ገና ተራው ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ሽማግሌነት እንግዲህ ከጠጉር ቀለም ሳይሆን ከተራና ከኃላፊነት የሚገኝ ነው። በነገራችን ላይ በኦሮምኛ «ኦቦ» ማለት እንደ «አቶ» ያለ የአክብሮት መጥሪያ ነው። የምንኖርበት ቦታ ስም ከዚህ ቃል ጋር በድምፅ መግጠሙን ልብ ይሏል።

በሞያሌ ገበያ ጺማቸውን በሂና ቀይ ያደረጉ አዛውንትን የማያውቅ የለም። የዚህም መሠረት ጥንታዊ ነው። በ630 እ.ኤ.አ. መካ በተያዘች ጊዜ የአቡበክር አባት ጠጉራቸውና ጺማቸው ፈጽሞ ነጥቶ ወደ ነቢዩ መሐመድ ቢቀርቡ ነቢዩ ነጩን በቀለም እንዲለውጡት፣ ጥቁር ግን እንዳይሆን ማዘዛቸው በሐዲስ ተመዝግቧል። ብዙ ሊቃውንት ትእዛዙን የተረዱት ሽበትን ማስጌጥ የተፈቀደ ነው፣ ዕድሜን ደብቆ ሰውን ማታለል ግን አይገባም በማለት ነው። ቀይ ጺም «ሸብቻለሁ» ይላል፤ ጥቁሩ ቀለም ግን «አልሸበትሁም» ይላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በሌላውም ዓለም ቢሆን ታላላቆች ከዚህ ጭንቀት አላመለጡም። የሮማው ዩልዮስ ቄሣር በራሰ በራነቱ ስለሚቀለድበት የቀረችውን ጠጉር ከኋላ ወደ ፊት ያበጥር እንደ ነበር፣ ከተሰጠው ክብር ሁሉም የሎረል አክሊል ዘወትር የመድፋት መብት እጅግ እንዳስደሰተው ስዌቶኒዎስ የተባለው ጸሐፊ ይተርካል። ባንጻሩ በ400 እ.ኤ.አ. ገደማ የኖረው የቀሬናው ሲኔስዮስ፣ አገሩ ዛሬ ሊቢያ በምትባለው በአፍሪቃ ምድር የነበረ ሰው፣ ራሰ በራነትን የሚያወድስ አንድ ድርሰት ጽፏል። አንዱ በአክሊል ሸፈነው፤ ሌላው በብዕር አከበረው።

የሳይንስ ሰዎችስ ምን ይላሉ? ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1942 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች ራሰ በራ እንደማይሆኑ፣ የወንድ ሆርሞን ሲሰጣቸው ግን በዘር ያለባቸው ጠጉራቸው እንደሚረግፍ አስረድቷል። ስለዚህ መመለጥ የወንድነት ማነስ ነው የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ሽበት የሚመጣው ደግሞ በጠጉር ሥር ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ሲደክሙ ነው፤ ዋናው ምክንያት ዘርና ዕድሜ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የሀርቫርድ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት ብርቱ ጭንቀት በነርቭ በኩል የእነዚህን ሕዋሳት ምንጭ እንደሚያደርቅ ተረጋግጧል። «ሐሳብ አሸበተው» የሚለው የእናቶቻችን አነጋገር እንግዲህ ባዶ አልነበረም። ሆኖም አንድ ጊዜ የበቀለ ጠጉር የሞተ ነገር ስለ ሆነ በአንድ ሌሊት ነጥቶ ሊያድር አይችልም።

ቀለም ለሚቀቡትም አንድ ቃል እንጨምር። በብዙ ጥቁር ቀለሞች ውስጥ ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በማይስማማው ሰው ላይ ፊት ያሳብጣል፣ ቆዳ ያቆስላል። ቀለሙን ከመቀባታችሁ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ከጆሮ በስተኋላ ጥቂት ሞክሩ። ሐኪም ቤት በራቀበት ቦታ ይህ ቀላል ምክር አይደለም።

ታዲያ ሽበት በእኛ ዘንድ ክብሩን ያጣው መቼ ነው? ብዙዎቻችን መልሱን ኖረንበታል፤ የቀረነውም ከወላጆቻችን ሰምተናል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የ82 ዓመቱ ንጉሠ ነገሥት ከዙፋን ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን በዚያው ዓመት ስድሳ ያህል ባለሥልጣኖችና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሽበት የአሮጌው ሥርዓት ምልክት መስሎ ታየ፤ ሽማግሌ ይማልዳል የሚለው እምነት ተሰበረ። ቀጥሎ ቀይ ሽብር መጣና ባለ አፍሮ ጠጉሩ ወጣት በየጎዳናው ወደቀ። ሸበቶ አባት ለልጁ እንዳያለቅስ ተከለከለ። ተራው ተገለበጠ፤ ልጅ አባቱን መቅበሩ ቀርቶ አባት የልጁን ሬሳ ፈለገ። ከዚያ ወዲህ ስደት ተከታትሎ መጣ። በ1984 ዓ.ም. በሃያ ዓመቱ ድንበር የተሻገረ ወጣት ዛሬ ከሃምሳ አልፏል፤ ጠጉሩ የነጣው በሰው አገር ነው። መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን በገደሉ ጊዜም በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከነሽማግሌው ወደ ኬንያ ገብቷል።

በመጠለያ ሽበት ሥራ ይፈታል። እህል የሚታደለው በካርድ ነው፤ ዕድሜ የሚታወቀው በመዝገብ ነው፤ የልደት ቀኑን የማያውቅ ሁሉ ጃንዋሪ 1 ተወለደ ተብሎ ይጻፋል። ለጉልበት ሥራ የሚመረጠው ወጣቱ ነው። ደም የሚያደርቅበት፣ ወሰን የሚለይበት፣ ልጅ የሚድርበት ቦታ ያጣ ሰው ሽበቱ ለምን ይጠቅመዋል? የእርጅና ማስታወቂያ ብቻ ይሆንበታል። ስለዚህ ቀለም ቢቀባ አንፍረድበት። የሸሸገው ዕድሜውን ብቻ አይደለም፤ ሥራ ማጣቱንም ነው።

መድኃኒቱ ግን በገበያ የሚሸጥ ቀለም አይደለም። ከዚህ ሩቅ ባልሆነ ስፍራ፣ በ2009 እ.ኤ.አ.፣ ለዓመታት ደም ሲፋሰሱ የቆዩት የቦረናና የገብራ ሕዝቦች በማይኮናና በዋልዳ ተሰብስበው ስለ ሰላም ተስማምተዋል። በዚያ ሸንጎ የሽማግሌዎች ቃል ዋጋ ነበረው። በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 159 ዕርቅና ባህላዊ የሽምግልና መንገድ እንዲበረታታ ይደነግጋል። የምንኖርበት አገር ሕግ ለሽማግሌ በር ከከፈተ እኛ ለምን እንዘጋለን?

በየሰፈሩ የውኃ ተራ ጠብ አለ፤ የባልና የሚስት ክርክር አለ፤ አባት የሌለው ወጣት አለ። ለእነዚህ ሁሉ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። እርግጥ ነው፣ የሸበተ ሁሉ ሽማግሌ አይደለም፤ አድሎ የሚያውቅ ሸበቶ ከማያውቅ ጎረምሳ ይብሳል። ሴቶች አሮጊቶችም ከዚህ ሸንጎ መጉደል የለባቸውም። ነገር ግን ታማኝነቱ የታወቀውን ሰው ጠርተን ጉዳያችንን ብናቀርብለት፣ ሲገባም እንደ ጥንቱ «ኖር» ብለን ብንነሣለት፣ ለሽበቱ ሥራውን መለስንለት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀለም መቀባቱንና አለመቀባቱን ለራሱ እንተወው።